ግቤ ላይ ደረስኩ፤ ለማን ልደውል?

መነሻ ጽሑፍ

ከ15 ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልኩ ሰሞን፣ በአንድ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩ። 40 ሳይሞላኝ የአምስት ዓመት ወጪዬን የሚሸፍን ገንዘብ ይኖረኛል። የአንድ መምሪያ ኃላፊ እሆናለሁ። 20 አገር አያለሁ። አሁን 39 ዓመቴ ነው። ገንዘቡ ባለፈው ዓመት ሞላ። ሹመቱ ከሦስት ወር በፊት መጣ። አገሮቹ 17 ደርሰዋል።

ሹመቱ የተነገረኝ ቀን ማታ ደብተሩን አወጣሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ራይት ላደርግ ስል እስክሪብቶው አልጽፍ አለኝ። ደጋግሜ ስጫነው ወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ብቻ ቀረ። ከዚያ ስልኬን አንስቼ የስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድኩት። መልሼ ወጣሁት። የምደውልለት ሰው አጣሁ። ሰው ስለሌለኝ አልነበረም። እህት አለችኝ፣ ጓደኞችም አሉኝ። ግን ስለ እነዚህ ሦስት መስመሮች ለአንዳቸውም አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጠየቅኩ። ስኬትን በገንዘብ፣ በሥራ እድገትና በጉዞ መለካት ስህተት ነው ወይስ የእኔ አለካክ ነው የተበላሸው? በሁለት ሳምንት ውስጥ 25 መልስ መጣ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው መሃል ላይ ይጠፋል። ለዚያ ብዬ መልሶቹን በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የመሰለኝንም በየመሃሉ ጨምሬያለሁ።

1ኛ መልስ

በትህትና የጀመረ ወንድም ነው። እንኳን ደስ አለሽ ካለ በኋላ ገንዘብ መፈለግ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ አስረዳኝ። እሱ ባደገበት ቤት የገንዘብ ወሬ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር እስከ 30 ዓመቱ ድረስ በወር ምን ያህል እንደሚያወጣ እንኳ አያውቅም ነበር። ቁጥር መጻፌን እንደ ድፍረት ቆጠረልኝ። ጥሩ አጀማመር ነበር።

2ኛ መልስ

ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ገንዘብ በዓመት ከ75,000 ዶላር ካለፈ ደስታ እንደማይጨምር በጥናት ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ድካሜ ከንቱ ነው።

3ኛ መልስ

2ኛውን ሊያርም የመጣ ነው፤ በደንብም አረመው። ያ ቁጥር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን አሜሪካ ውስጥ ከተሰበሰበ መረጃ ተነስተው ከጻፉት ጥናት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ የለኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ሰው ዕለት ዕለት የሚሰማው ስሜት ነው። 75,000 ላይ ቆመ የተባለው ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ሰው ስለ ሕይወቱ በጥቅሉ ሲጠየቅ የሚሰጠው ነጥብ ነው። እሱ ከገቢ ጋር መውጣቱን አላቆመም። በየቦታው የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ መሆኑ ጸሐፊውን ሁሌም ያበሳጨዋል።

ታሪኩም እዚያ አያበቃም። በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ የተባለ ተመራማሪ ከ33,000 በላይ ሠራተኞችን በስልካቸው በኩል በቀን ውስጥ በተለያየ ሰዓት አሁን ምን ይሰማችኋል እያለ ጠይቆ ነበር። ጣሪያ የሚባል ነገር አላገኘም። ሁለቱ ወገኖች ከመናቆር ይልቅ አብረው ተቀመጡና በ2023 የጋራ ጥናት አወጡ። ለብዙው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር መውጣቱን ይቀጥላል። በጣም ላዘኑት ጥቂቶች ግን 100,000 ዶላር አካባቢ ይቆማል። እነሱን የያዛቸው ሐዘን ከዚያ በላይ በገንዘብ አይፈታም ማለት ነው።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጥናቱ ይልቅ አብረው መቀመጣቸው ነው የገረመኝ። ሁለት ሰዎች በአደባባይ ተቃርነው ከዚያ በአንድ ጠረጴዛ ቁጥሩን እንደገና ሲፈትሹ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

4ኛ መልስ

እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ጥያቄዬን የጠገበ ሰው ቅሬታ ብሎ ጠራው። እሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ቀን አንዱን፣ ማታ አንዱን። የአምስት ዓመት ወጪ ባንክ ውስጥ አስቀምጦ ባዶነት ተሰማኝ ማለት፣ ወር ሙሉ ሠርቶ ወሩን መድፈን ለሚያቅተው ሰው ስድብ እንደሆነ ጻፈ። ስለ 17 አገርም አንድ ነገር ተናገረ፤ እሱን ልተወው።

አንጀቴን በላኝ። ልመልስለት ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት። እውነት ነበረውና። ግን ሰው ያገኘውን ነገር መጠየቅ የሚፈቀድለት ሲያጣው ብቻ መሆን የለበትም ብዬ አሁንም አምናለሁ።

5ኛ መልስ

ለእኔ ወግና 4ኛውን ገሠጸችው። ከሚገባው በላይ ጠንከር አለች። የሰው ድካም በሌላው ድካም እንደማይሰረዝ ጻፈች፤ እስከዚህ ድረስ ከእሷ ጋር ነኝ። ከዚያ ግን የሰውየውን ሰነፍነት መጠርጠር ጀመረች። ሁለት ሥራ የሚሠራን ሰው! አወያዩ ገብቶ አንድ መስመር አጠፋ።

6ኛ መልስ

ይህኛው ጠቡን አልፎ ሌላ በር ከፈተልኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳራ ሶልኒክና ዴቪድ ሄሜንዌይ ሰዎችን ምርጫ ሰጥተው ጠይቀው ነበር። ሌላው ሰው በዓመት 25,000 ዶላር በሚያገኝበት ዓለም አንተ 50,000 ብታገኝ ይሻልሃል ወይስ ሌላው 200,000 በሚያገኝበት ዓለም አንተ 100,000 ብታገኝ? የዕቃ ዋጋ በሁለቱም እኩል ነው። ግማሽ ያህሉ 50,000ውን መረጡ። ከጎረቤት መብለጥ ስለሚሻላቸው የገዛ ገንዘባቸውን በግማሽ ቆረጡ።

የእረፍት ቀን ሲጠየቁ ግን እንደዚያ አላደረጉም። ሌላው ምንም ያህል ቢያርፍ ብዙ ሰው ለራሱ ረዘም ያለውን እረፍት ነው የመረጠው። ጸሐፊዋ ከዚህ ተነስታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከሦስቱ መስመሮች ማንም ባያይ፣ ማንም ባይሰማ አሁንም የምፈልገው የትኛውን ነው?

ለዚህ ጥያቄ አራት ቀን መልስ አላገኘሁም። ገንዘቡን እፈልገዋለሁ፤ ማታ ያስተኛኛል። ጉዞውንም። ሹመቱ ጋ ስደርስ ግን ዝም አልኩ።

ከ7ኛ እስከ 10ኛ መልስ

አራቱም የገንዘብ ስሌት ናቸው። አንዱ አምስት ዓመት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። በእውነቱ ከየትም አልመጣም፤ በ24 ዓመቴ ትልቅ ስለመሰለኝ ብቻ ነው። ቀጣዩ የዓመት ወጪን በ25 አባዝቶ የሚመጣው ገንዘብ ካለ ሥራ ማቆም እንደሚቻል ጻፈ። 9ኛው ወዲያው አረመው። ይህ ስሌት የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልያም ቤንገን ከሠራው ጥናት ነው። ቤንገን ያየው የአሜሪካን አክሲዮንና ቦንድ የቆየ መዝገብ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላው 4 በመቶ፣ ማለትም 25ኛውን እጅ አውጥቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል የሚጨምር ጡረተኛ ቢያንስ 30 ዓመት ገንዘቡ እንደማያልቅበት አገኘ። በ40 ዓመቱ ሥራ ለሚያቆም ሰው 30 ዓመት አይበቃም። የአገሩ ገበያ እንደዚያ ላልሆነውም ስሌቱ እንዳለ አይሠራም። የሰው ቁጥር ተውሶ መኖር አደጋ እንዳለው ነው የነገረን።

10ኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ደመወዟ ባደገ ቁጥር በቂ የምትለው ገንዘብ አብሮ ይሸሽ እንደነበር ጻፈች። ምክንያቱን ያገኘችው በደረሰኝ ነው። የሦስት ዓመት ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ያስታወሰችውን ወጪ በአንድ ወገን፣ ጨርሶ ትዝ ያላላትን በሌላ ወገን ከመረችው። ትዝ ያላላት ክምር በጣም ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የምታሰላው ትዝ የሚላትን ብቻ ነው። ይህን ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ሞከርኩት። የእኔም ክምር ያዘነበለው ወደዚያው ነው።

11ኛ መልስ

ጸሐፊው 12 ዓመት አስተማሪ ነበር። ጎበዝ ስለነበር ርእሰ መምህር አደረጉት። ደመወዙ ጨመረ፣ ቢሮ አገኘ፣ ቤተሰቡ ኮራበት። አንድ ቀን በአንድ ክፍል በር ሲያልፍ አዲሱ መምህር እሱ ለዓመታት ያስተማረውን ምዕራፍ ሲያስተምር ሰማ። አንድ ልጅ ሳይገባው ቆይቶ ድንገት ሲገባው የሚያወጣትን ድምፅ ያውቃታል። አሃ የምትል ረዘም ያለች ድምፅ። እሷን ሲሰማ ፊርማ የሚጠብቁ ወረቀቶች በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ሹመቱን መልሶ ወደ ክፍሉ ገባ። ደመወዙ ቀነሰ። ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ምን አጥፍቶ ነው ከሥልጣን የወረደው ይላሉ።

ሎረንስ ፒተር እ.ኤ.አ. በ1969 ስለጻፈው ሐሳብም አነሳ። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው በሚችለው ሥራ ስለሚያድግ በመጨረሻ የማይችለው ወንበር ላይ ይደርሳል፤ እዚያው ይቀራል። መምህሩ ግን ሥራው አላቃተውም ነበር። ይችለዋል፤ አይወደውም። እድገት የምንለው ነገር ሁሉ ወደ ላይ መሆን እንዳለበት ማን እንደነገረን ጠየቀ። እኔም ከሹመቱ ወዲህ ያጣሁትን አሰብኩ። ድሮ ደንበኛ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ችግሩን እፈታ ነበር። አሁን ችግር ስለሚፈቱ ሰዎች ሪፖርት አነባለሁ።

12ኛ መልስ

አጽናኝ ናት። ኤሚ ሬዝኔቭስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ሰዎች ሥራቸውን በሦስት መንገድ እንደሚያዩት አሳዩ። ለአንዱ እንጀራ ነው፣ ለሌላው መሰላል፣ ለሦስተኛው ጥሪ። የሚገርመው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ 24 የቢሮ ረዳቶች እንኳ ለሦስት ተቀራራቢ ቡድን መከፈላቸው ነው። ስለዚህ ወንበሩን ሳልለቅ አተያዬን መቀየር እንደምችል መከረችኝ።

13ኛ መልስ

ቆጣ ብሎ የመጣ ነው፤ ንዴቱ ግን እኔ ላይ አልነበረም። ጥሪ የሚለው ቃል ሰውን በርካሽ ለማሠራት የሚመች ቃል መሆኑን ጻፈ። ማስረጃም አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 በስቱዋርት በንደርሰንና ጄፍሪ ቶምፕሰን የተሠራ ጥናት የዱር እንስሳት ማቆያ ጠባቂዎችን ይመለከታል። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ጠባቂዎች ትርጉም ያገኙበታል፤ በዚያው ልክ ደመወዛቸውን፣ ጊዜያቸውንና ምቾታቸውን ይሠዋሉ፣ አሠሪ ሊበዘብዛቸውም ይቀለዋል። ስለዚህ ደመወዝን ከስኬት ዝርዝር ላይ አትሰርዢ አለኝ። ፍቅርሽን ዋጋ አውጪለት።

12ኛዋ ተመልሳ ልክ ነህ ብላለች። 14ኛው መልስ ይኸው የእሷ ይቅርታ ነው።

ከ15ኛ እስከ 20ኛ መልስ

እዚህ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ 17 አገር ያልሽው ትራንዚትን ጨምረሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ጦርነት ሆነ። አንዷ ከአየር ማረፊያ ካልወጣሽ አይቆጠርም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ግዴታ ነው አለች። 17ኛው እ.ኤ.አ. በ1954 ሎስ አንጀለስ የተቋቋመ የተጓዦች ክበብ እንዳለ ነገረን። 100 አገርና ግዛት ያየ ሰው ነው የሚገባበት። በዚያ ክበብ ደንብ አውሮፕላን ነዳጅ ለመቅዳት ያረፈበት እንኳ ይቆጠራል። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች 193 ሲሆኑ የክበቡ ዝርዝር ግን ደሴቱንና ግዛቱን ለየብቻ ስለሚቆጥር 330 ይደርሳል። 18ኛው ይህን ሰምቶ ከ20 መስመር በላይ ጻፈ። ስለ ደሴቶች ነው፤ አሳጥሬ አልፌዋለሁ።

19ኛዋ ሁሉንም ዝም ያሰኘች ናት። 41 አገር አይታለች። ስለ አንዷ አገር የምታስታውሰው የሆቴሉን የመኝታ ክፍል ምንጣፍ ብቻ ነው፤ ቡናማ፣ ዳር ዳሩ በሲጋራ የተቃጠለ። ሌላ ምንም። ሦስት ቀን ቆይታለች፣ ፎቶ አለ፣ ፎቶው ላይ ትስቃለች። ግን አገሯን አታውቃትም። አሁን በዓመት አንድ ቦታ ብቻ ትሄዳለች፤ ሁለት ጊዜ የሄደችበትም አለ። ያን ሁለተኛ ጉዞ ማንም እንደማይቆጥርላት ታውቃለች።

20ኛው እ.ኤ.አ. በ2010 ሆላንድ ውስጥ 1,530 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ጠቀሰ። ለእረፍት የሚጓዙ ሰዎች ካልተጓዙት ይልቅ ደስተኛ የሆኑት ከጉዞው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ ልዩነቱ የቀረው እጅግ ዘና ያለ እረፍት ላሳለፉት ብቻ ነበር። ደስታው ከመጠበቁ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ስለ ደብተሬ እንዳስብ አደረገኝ። 15 ዓመት ስጠብቅ ደስ ብሎኝ ኖሬ ይሆን? ይመስለኛል። በእነዚያ ዓመታት ገጹን እየገለጥኩ አየው ነበር።

21ኛ መልስ

71 ዓመታቸው የሆኑ አባት ናቸው። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አንብበው እንደመጡ ያስታውቃል፤ ቁጥር እየጠሩ ነው የሚመልሱት። ከጠበቅኩት ተቃራኒ ነው የጻፉት። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ገንዘብና ሹመት ከንቱ ነው ይለኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የፈለጉትን ሁሉ እንዳገኙና ቅንጣት እንደማይቆጫቸው ጻፉ። ግብ ባይኖራቸው ኖሮ ክፉ ቀን ይጥላቸው ነበር። ማለዳ ያስነሳቸው እሱ ነው።

የእኔን ባዶነት ደግሞ ድካም ብለው ነው የጠሩት። ሸክም ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ ትከሻው ይቀለዋል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡን አይቶ መውጣት አልነበረብኝም ማለት የለበትም። እሳቸው ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ሦስት ወር ምንም ሳያቅዱ ይቀመጡ ነበር። ያን ጊዜ አዲስ ዝርዝር መጻፍ ክልክል ነው። አሁን ሦስተኛ ወርሽ ነው፣ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሻል አሉኝ።

ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እስካሁን ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ድካም ቢሆን ኖሮ እተኛ ነበር እንጂ ስልክ አላነሳም ነበር።

22ኛና 23ኛ መልስ

22ኛው አባታችንን በአክብሮት ተቃወመ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሃርቫርድ የሚከታተለውን ጥናት አነሳ። 268 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና 456 በቦስተን ድሃ ሰፈሮች ያደጉ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ተጠንተዋል። በእርጅና ጤናና እርካታን ቀድሞ የሚጠቁመው ከሰው ጋር ያላቸው ቅርበት ሆኖ ተገኘ። 23ኛዋ ያረመችው ነገር ትክክል ነው። የተጠኑት በመጀመሪያ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሚስቶችና ልጆች የገቡት በኋላ ነው። ደግሞም ቅርበት ጤና ያመጣ ይሁን ጤነኛ ሰው ቅርበት ይቀለው፣ መለየቱ ከባድ ነው።

24ኛ መልስ

የ4ኛው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ስለ ራሱ ጻፈ። እሱም ዝርዝር ነበረው፤ አንድ መስመር ብቻ። ከዕዳ መውጣት። ስድስት ዓመት ፈጀበት። የመጨረሻውን ክፍያ የፈጸመው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከማታው ሥራ ሲወጣ፣ በስልኩ ነው። ያኔውኑ ለእናቱ ደወለ። ከእንቅልፏ ነቃች፤ ምን ሆንክ ብላ ደነገጠች። ጨርሻለሁ ብቻ አላት። ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀሪውን ገንዘብ በየወሩ እየነገራት ስለነበር ታውቀዋለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የመጀመሪያውን ጽሑፌን እንደገና ሲያነበው የገረመው የምደውልለት ማጣቴ ሳይሆን፣ ለ15 ዓመት ለማንም አለመናገሬ እንደሆነ ጻፈ። ጉዞውን ላላየ ሰው መድረስሽን ብትነግሪው ምን ይገባዋል?

ከ25ቱ መልስ ውስጥ የጥያቄዬን መልስ የሰጠኝ ይህ ነው። የሰደበኝ ሰው ነው የሰጠኝ።

25ኛ መልስ

24 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ደመወዟን ባለፈው ወር ተቀብላለች። ዝርዝር ልጻፍ ወይስ ልተወው ትላለች።

እንድትጽፍ ነገርኳት። ቁጥርም እንድታስገባ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣም አጠገቡ እንድታሰፍር። የ6ኛዋን ጥያቄ፣ የ10ኛዋን ደረሰኝ፣ የ21ኛውን ሦስት ወር ላክሁላት። ከዚያ ገጹን ፎቶ አንስታ ዛሬ ማታውኑ ለአንድ ሰው እንድትልክ። ለማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

እኔ እሑድ ለእህቴ ደወልኩ። ሦስቱን መስመር አነበብኩላት። ተቆጣች። ሹመቱን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሌላ ሰው መስማቷን ይዛ ኖራለች፤ አላወቅኩም ነበር። ብዙ ተናገረች፣ እኔም ዝም ብዬ ሰማኋት። በመጨረሻ ስለ ሦስተኛው መስመር ጠየቀችኝ። 18ኛውን አገር አብረን እንሂድ አልኳት። እሺ አለች፤ አገሩን የምትመርጠው እሷ ከሆነች። አንድ ሰዓት ተከራከርን፣ ገና አልተስማማንም። ቀኑን ግን ቆርጠናል። ሰኞ ጠዋት የእረፍት ፈቃዴን ሞልቼ አስገባሁ።